ስግብግቧ ባለ በር

ደብረ ብርሃን ጠባሴ ውስጥ ካሉት ኳስ ቤቶች በአንዱ በር ላይ ተቀምጬ ገንዘብ የምሰበስበው እኔ ነኝ። ቤቱ የወንድሜ ነው። ዲሹም፣ ስክሪኑም፣ አግዳሚውም የሱ ነው፤ ስድቡ ብቻ የኔ ነው። የአዘቦት ጨዋታ 20 ብር እናስገባለን። አርሴናልና ማንቸስተር ዩናይትድ ሲገናኙ 40፣ የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ሲሆን 50። በሃያ ብሩ ቀን "እህቴ እንዴት ዋልሽ፣ ብርዱ እንዴት ነው?" የሚሉኝ ልጆች በሃምሳ ብሩ ቀን ስሜም ይጠፋባቸዋል። "ስግብግብ ነጋዴ" ይሉኛል፣ ዜና ላይ እንደሰሙት። ስግብግብ ብሆንማ በዚህ ብርድ በር ላይ ምን አስቀመጠኝ?

በቅርቡ አንዱ በራችን ላይ የተለጠፈውን ካርቶን ፎቶ አንስቶ "መዝናኛ ላይ እንዲህ ዋጋ የሚቆልሉት ለምን አይጠየቁም?" ብሎ ፌስቡክ ላይ ለጠፈው። ካርቶኑ ላይ "ዛሬ 50 ብር" የሚለው የኔ የእጅ ጽሑፍ ነው። ከሥሩ የተጻፈውን አስተያየት ቁጭ ብዬ አነበብኩ። ግማሹ ስለኛ እንኳ አይደለም። አዲስ አበባ ስለሚዘጋጅ ኮንሰርት፣ ስለ ቪአይፒና ስለ ቪቪአይፒ ወንበር፣ ስለ ሲኒማ ነው። ሁሉም ግን አንድ ነገር ይላል፦ ዘረፋ ነው። እዚያው መልስ ልጽፍ ጀመርኩና ረዘመብኝ፤ ስለዚህ ወደዚህ አመጣሁት።

የኔ አቋም ይህ ነው። የመዝናኛ መግቢያ ስለተወደደ ብቻ ዘረፋ አይባልም፤ ውድ ነው ይባላል፣ ይቀራል። ዘረፋ የሚሆነው ሰውዬው ወደ ኋላ መመለስ ከማይችልበት ቦታ ካደረስከው በኋላ ዋጋውን ስትቀይርበት ነው። ይህን በር ላይ ስለተቀመጥኩ ለራሴ እንዲመች ያወጣሁት አይደለም፤ በሌላ ቦታ እኔም ከፋይ ሆኜ ያየሁት ነው።

ላምበረት መናኸሪያን የሚያውቅ ያውቀዋል። የፋሲካ ዋዜማ ነው፤ አዲስ አበባ የሚሠራው የሰሜን ሸዋ ልጅ ሁሉ ዘይቱን፣ ሽንኩርቱን፣ ለእናቱ የገዛውን ነጠላ ይዞ ይጋፋል። ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው፣ መንገዱ አስፋልት ነው፣ ታሪፉም የታወቀ ነው። ሚኒባሱ ይመጣል። ረዳቱ በመስኮት ብቅ ብሎ እጥፉን ይጠራል። አንዱ "ታሪፉ እኮ…" ሲል "ታሪፉን እዚያው ጠይቅ፤ የሚሄድ ይግባ" ይለዋል። ሁላችንም ገባን። ሸኖ ከመድረሳችን በፊት ረዳቱ ወደኛ ዞሮ፣ ድምፁን አለስልሶ፣ "ቤተሰብ፣ ትራፊክ ከጠየቃችሁ በታሪፍ ነው በሉ እሺ?" አለን። ትራፊኩ አስቆመ፤ አንገቱን አስገብቶ ጠየቀ። ሁላችንም "በታሪፍ ነው" አልን። ከኋላ ዶሮ ታቅፈው የነበሩ እናት ሳይቀሩ አሉ። ምክንያቱም ያ መኪና እዚያ ቢታሰር ሌላ መኪና የለም፤ ፋሲካ ደግሞ ለሰኞ አይተላለፍም። የተዘረፈው ሰው ለዘራፊው ምስክር ሆኖ ሲቆም ያየሁት ያን ቀን ነው።

ከዚህም የባሰ አለ። ኅዳር 2014 ጦርነቱ ወደ ሸዋ ሮቢትና ወደ ደብረ ሲና በደረሰ ጊዜ ስንቱ ሰው ልጁን አዝሎ ወደኛ ከተማ ወጣ። ብዙ ሰው ቤቱን ከፍቶ ያለ ሳንቲም አስተኝቷል፤ ይህንንም አይቻለሁ። ግን አንዲት የጭቃ ክፍል በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት እጥፍ የተጠየቀባት ሰፈርም አይቻለሁ። እዚያ ላይ "ገበያው ነው" የሚል ሰው ቢመጣ እኔም ልሰድበው ዝግጁ ነኝ።

ሕግም የሚይዘው እንዲህ ያለውን ነው። በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ግዛት የአደጋ ጊዜ ከታወጀ በኋላ ምግብ፣ ነዳጅ፣ የቤት ኪራይና የመሳሰለውን ከነበረበት ከ10 በመቶ በላይ የጨመረ ሰው ይከሰሳል። የኮንሰርት ቲኬት እዚያ ውስጥ የለበትም። የኛው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም መንግሥት ዋጋ ሊተምን ይችላል ያለው ለመሠረታዊ ዕቃና አገልግሎት ነው። ያው አዋጅ ግን ሌላ ነገርም ይላል፤ ነጋዴ ዋጋውን በግልጽ ይለጥፍ ይላል። ስለ መለጠፉ ጉዳይ ኋላ እመለስበታለሁ፤ ለኔ ዋናው እሱ ነው።

አሁን ወደ ሃምሳዋ ብር። ሰው የሚያየው ስክሪኑን ነው። እኔ የማየው ደብተሩን ነው። የዲሹ ወርኃዊ ክፍያ የሚመጣው በብር ይሁን እንጂ ኳሱ የሚገዛው በዶላር ነው፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲለቀቅ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። መብራት ይሄዳል። መብራት ሲሄድ ጀነሬተሩ ቤንዚን ይፈልጋል፤ ማደያ ቤንዚን የለም ሲል ከመንገድ ዳር በሃይላንድ ከሚሸጡት ልጆች ይገዛል፤ የሃይላንዷን ዋጋ ደግሞ ባልናገር ይሻላል። ለፍጻሜ የፕላስቲክ ወንበር እንከራያለን። የተሰበረውን እንተካለን፤ ጎል ሲገባ ወንበር የሚሰብር ሰው "ይቅርታ" ብሎ አያውቅም፣ ተቃቅፎ ይዘላል እንጂ።

"እሺ፣ ወጪው ሁልጊዜ አለ፤ ታዲያ ለምን ለፍጻሜው ብቻ ይጨመራል?" ይሉኛል። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ሳልሸፋፍን ልመልስ። ለፍጻሜው የምንጨምረው ሰው ስለሚመጣ ነው። ሌላ ምሥጢር የለውም። ማክሰኞ ማታ ዎልቭስና ፉልሃም ሲጫወቱ ቤቱ ውስጥ አምስት ሰው ነው የሚኖረው፤ ሁለቱ ደግሞ ብርድ ሽሽት የገቡ ናቸው። ያን ቀን የተሰበሰበው የቤንዚኑንም አይችልም። ግን አንዘጋም፤ ምክንያቱም የፍጻሜው ሃምሳ ብር የማክሰኞውን ጎዶሎ ይሞላል። ሁልጊዜ 25 አድርጉት ካላችሁ ደግሞ ማክሰኞ የሚመጡት አምስቱ ሰዎች ይቀሩና ቤቱ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚከፈት ቤት ይሆናል።

ይህን ሒሳብ በቀላሉ ያልተቀበሉኝ አንድ ሰው አሉ። ጥበቃ የሚሠሩ አባት ናቸው፤ ቡሉኳቸውን ደርበው፣ ዱላቸውን ይዘው ነው የሚመጡት፤ የሊቨርፑል ደጋፊ ናቸው። አንድ ማታ ሃምሳ ስላቸው አልጮኹም። "ልጄ፣" አሉኝ፣ "መዝናኛ ነው፣ የማይችል ይቅር ትያለሽ። እኔ ቀን እተኛለሁ፣ ሌሊት በር እጠብቃለሁ። በዚህ ከተማ ከዚህ ሌላ የት ልቀመጥ? ሰው በጤፍ ብቻ ነው እንዴ የሚኖረው?"

እውነታቸውን ነው። ደብረ ብርሃን ፋብሪካ አላት፣ ዩኒቨርሲቲ አላት፣ ቢራ ጠማቂም አላት፤ ግን ማታ አንድ ሰዓት ላይ ሃያ ብር የያዘ ሰው ሞቅ ያለ ቦታ ልቀመጥ ቢል ኳስ ቤት፣ ጠላ ቤትና አረቄ ቤት ነው ያለው። ከሦስቱ አንዱ እየራቀው ሲሄድ ወደ ሁለቱ ይሄዳል፤ ያንን ደግሞ የሰፈሩ ሴቶች ሁሉ እናውቀዋለን። ስለዚህ "መዝናኛ ቅንጦት ነው፣ ጉዳዩ እዚህ ላይ አለቀ" የሚለውን የምጣኔ ሀብት ሊቅ እኔ አልከተለውም። ሆኖም ያስፈልገኛል ማለትና ዘረፉኝ ማለት ለየቅል ናቸው። ለእሳቸው ያደረግነው ነገር ቢኖር የማክሰኞ ደንበኛ ሁልጊዜ በ20 ይገባል የሚል ደንብ ማውጣት ነው። እንዲህ በማድረጋችንም "ዘመድ አዝማድ ታስገባላችሁ" ተብለን ሌላ ስድብ አተረፍን።

ዘረፋ ማየት የፈለገ እኔና ጓደኛዬ የሄድንበትን ኮንሰርት ይጠይቀን። የት እንደነበርና ማን እንዳዘጋጀው አልናገርም፤ ያሉ ሰዎች ያውቁታል። መደበኛ ቲኬት 300 ብር ብለው ለጠፉ፣ በየሱቁ ሸጡ። እኛም ቀደም ብለን ገዛን። ማታው ላይ ደረስን፤ "መደበኛ በር ሞልቷል፣ ተዘግቷል፤ በቪአይፒ በር ለሚገባ ልዩነቱን 500 ይጨምር" አሉ። ሰዓቱ ከምሽቱ ሦስት አልፏል፣ ባጃጅ የለም፣ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል፣ ውስጥ ሙዚቃው ጀምሯል፤ ሰው ሁሉ ከቤቱ ለብሶ ወጥቷል። አንዳንዱ ከጫጫ፣ አንዳንዱ ከአንኮበር የመጣ ነው። "ገንዘባችንን መልሱ" ሲባሉ "ከገዛችሁበት ሱቅ ጠይቁ" አሉ። ሱቁ እንግዲህ በዚያ ሰዓት ተቆልፏል። ከፈልን። ቪአይፒ የተባለው ነጭ ጨርቅ የለበሰ የፕላስቲክ ወንበር ነበር፤ ጨርቁን ገለጥ አድርጌ ሳየው እኛ ለፍጻሜ የምንከራየው ወንበር ነው፣ የአከራዩ ምልክት በቀይ ቀለም እግሩ ላይ አለ። ዘፋኙ የወጣው ከስድስት ሰዓት በኋላ ነው፤ እሱስ ጎበዝ ነበር፣ አይካድም።

800 ብር ለዚያ ዘፋኝ ይበዛል አልልም። መጀመሪያውኑ 800 ብለው ቢለጥፉ ወይ እሄዳለሁ ወይ እቀራለሁ። ደግሞም ዘፋኞች ለምን ወደ መድረክ እንደዞሩ ይገባኛል። ድሮ ካሴት ነበር፤ ሙዚቃ ቤቱ ይገዛዋል፣ እኛም እየቆጠብን እንገዛለን። ዛሬ ዘፈኑ በየስልኩ በነጻ ይገባል፤ የቀረው የሚሸጥ ነገር ዘፋኙ ራሱ በአካል መቆሙ ነው። በዓለም ላይ ሁሉ የሆነው ይህ ነው፤ አልበሙ ሲረክስ ቲኬቱ ተሰቀለ። ድምፅ ማጉያው፣ መብራቱ፣ ጥበቃው፣ አዳራሹ፣ 15 በመቶ ቫቱ ሲጨመር አዘጋጁም ቢሆን ሁልጊዜ የሚጠግብ አይደለም፤ ከስሮ የጠፋ አዘጋጅ አለ። እኔን ያናደደኝ በሩ ላይ የተደረገው ነው።

ፈረንጆቹ ዘንድም ነገሩ ሲጣራ የተገኘው ይኸው ነው። ኦዌሲስ የተባለው የእንግሊዝ ባንድ ከ15 ዓመት መለያየት በኋላ ተመልሶ ሊጫወት እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2024 ቲኬት ሲያወጣ፣ ሕዝቡ ኢንተርኔት ላይ ለሰዓታት ተሰልፎ ዋለ። ቆሞ ማያው 150 ፓውንድ ገደማ ነው የተባለው። ተራው የደረሰው ሰው ሲገባ 355 ሆኖ ጠበቀው፤ ለመወሰን ደግሞ የተሰጠው ደቂቃዎች ናቸው። አገሩ ተናወጠ። የብሪታንያ የውድድርና የገበያዎች ባለሥልጣን ሻጩን ቲኬትማስተርን መረመረ። ሁሉም ሰው "ኮምፒውተሩ በየደቂቃው ዋጋ እየሰቀለብን ነው" ብሎ ነበር፤ ባለሥልጣኑ ግን ያን የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘም። ያገኘው ቀለል ያለ ግን የከፋ ነገር ነው፦ ሁለት ዓይነት ዋጋ ያለው ተመሳሳይ ቆሞ ማያ ነበር፣ ርካሹ ሲያልቅ ወደ ውዱ እንደሚታለፍ ለሰልፈኛው አልተነገረውም። "ፕላቲነም" የሚል ስም የተለጠፈባቸው ቲኬቶችም ወደ ሁለት ተኩል እጥፍ እየተሸጡ ከሌላው የሚለያቸው ጥቅም አልነበራቸውም። እ.ኤ.አ. መስከረም 2025 ኩባንያው ባለ ሁለት ደረጃ ዋጋ ሲኖር ከሽያጩ 24 ሰዓት በፊት ለማሳወቅ ቃል ገባ። ልብ በሉ፣ ዋጋውን ቀንስ አልተባለም። አስቀድመህ ተናገር ነው የተባለው። ነጭ ጨርቅ የለበሰውን ወንበርና ፕላቲነሙን ጎን ለጎን አድርጌ ሳስበው ሳቅ ይመጣብኛል።

"ስለዚህ ዝም ብለን እንክፈል?" ለሚለው፣ አይደለም። ዘረፋ ያልሆነ ዋጋም ይበዛል፤ ሲበዛ ደግሞ አቤት የሚባልበት መንገድ አለ፣ መንገዱ መቅረት ነው። እኚያ የሊቨርፑል ደጋፊ አባት ደጋግመው የሚያወሩት ነገር አለ። በኛ አቆጣጠር በ2008 ጥር ወር፣ በሊቨርፑል ሜዳ በአንፊልድ፣ የክለቡ ባለቤቶች በአዲሱ ትሪቡን ለሚቀጥለው ዓመት 77 ፓውንድ የሚሆን ቲኬት እንደሚኖር አስታወቁ። ከሰንደርላንድ ጋር ሲጫወቱ በ77ኛው ደቂቃ 10,000 የሚሆን ሰው ብድግ ብሎ ወጣ። ሊቨርፑል 2 ለ 0 እየመራ ነበር። ሰዉ ሲወጣ ሰንደርላንድ ሁለት አስቆጥሮ 2 ለ 2 ወጡ። ባለቤቶቹ በቀናት ውስጥ ይቅርታ ጠይቀው ዋጋውን ሰረዙ። በዚያው ዓመት የፕሪሚየር ሊግ ክለቦች ከሜዳው ውጭ ለሚጓዝ ደጋፊ ቲኬት ከ30 ፓውንድ እንዳያልፍ ተስማሙ። አባታችን ይህን ሲጨርሱ ሁልጊዜ ወደኔ ያያሉ። እኔም "ጋሼ፣ እርስዎ በ77ኛው ደቂቃ ከዚህ ቢወጡ ጅብ ነው የሚቀበልዎት" እላቸዋለሁ፤ እንስቃለን።

የዓለም ዋንጫውም እንዲሁ ነው። ፊፋ የ2026ቱን ቲኬት እንደ ፈላጊው ብዛት በሚወጣና በሚወርድ ዋጋ እንደሚሸጥ ሲናገር፣ መነሻው 60 ዶላር፣ የፍጻሜው ጣሪያ 6,730 ዶላር ነበር፤ ይህኛው ወደ ብር ሲመነዘር ሚሊዮን ብር አካባቢ ነው። ጫጫታው ሲበዛ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2025 ለብሔራዊ ቡድኖች ደጋፊዎች በየጨዋታው፣ ፍጻሜውንም ጨምሮ፣ የተወሰነ ቲኬት በ60 ዶላር እንደሚሰጥ አሳወቀ። እኛ ኢትዮጵያውያን በዚህ ጉዳይ ብዙ ባንናገር ይሻላል። ዋልያዎቹ በሜዳቸው የሚጫወቱት ጨዋታ እንኳ፣ ስታዲየሞቻችን የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን (የካፍን) መስፈርት ስላላሟሉ፣ ኅዳር 2014 ከጋና ጋር ጆሃንስበርግ ላይ ነው የተደረገው። የመግቢያው ዋጋ ምን ያህል እንደነበር የጠየቀ ሰው ትዝ አይለኝም፤ የአውሮፕላኑ ትኬት ይቀድመዋላ።

አየር ባየር የሚነግዱትን ሳልጠቅስ ብቀር ያስቀይመኛል። ለኮንሰርት 30 ቲኬት ከሱቅ ጠራርጎ ገዝቶ በር ላይ በእጥፍ የሚሸጥ ልጅ አለ። ምንም አልጨመረበትም፣ ወንበር አላመጣም፣ ጀነሬተር አላስነሳም፤ የሠራው ሥራ እኔ መግዛት የምችለውን ቀድሞ ደብቆ መያዝ ብቻ ነው። ሲነኩት "ሥራ አጥ ነኝ" ይላል፤ ሥራ አጥነቱ እውነት ነው። የብሪታንያ መንግሥት እ.ኤ.አ. ኅዳር 2025 ቲኬት ከተጻፈበት ዋጋ በላይ መልሶ መሸጥን በሕግ እንደሚከለክል አስታውቋል። እዚህ ቢመጣ የምደግፈው ሕግ እሱ ነው። ዘፋኙም አዘጋጁም ቢያስወድዱ ቢያንስ የሚያቀርቡት ነገር አላቸው።

ከሁሉም የሚገርመኝ ግን የአዝማሪው ዋጋ ነው። እነዋሪ የአክስቴ ልጅ ሠርግ ላይ መሰንቆውን ይዞ የመጣው ሰው በር ላይ የሚጠይቀው የለም። ይጫወታል፣ ያሞግሳል፣ ሰው ካልሸለመው በነገር ወጋ ያደርገዋል። አጎቴ መጀመሪያ 10 ብር ግንባሩ ላይ ለጠፈለት። አዝማሪው ስለ አጎቴ በሬዎች አንድ ስንኝ ጣለ፤ ጅሩ አካባቢ በሬ ሲነካ እንግዲህ ሰው አይችልም፣ መቶ ብር ወጣ። ከዚያ የሌላውን ሰው በሬ አስበልጦ አወደሰ፤ አጎቴ 200 መዘዘ። እንደ ፈላጊው የሚሰቀል ዋጋ ማለት ይህ ነው፤ ያውም እየተሳቀ። ከዚያ ቤት ግን "ተዘረፍኩ" ብሎ የወጣ የለም። እጁን ወደ ኪሱ የሰደደው ራሱ ነው፤ መቶዋን ባያወጣም ከዳሱ አያስወጡትም፣ ጠጁም አይቀርበትም።

እኔና ወንድሜ አሁን የምንጨቃጨቀው በዚህ ላይ ነው። ስለ ኦዌሲሱ ስነግረው ተቆጥቶ የሚሰማኝ መስሎኝ ነበር፤ እሱ ዓይኑ በራ። "እኛስ ለምን እንዲህ አናደርግም?" አለ። ለፍጻሜ ማታ መጀመሪያ ለመጡት 30፣ ግማሹ ሲሞላ 50፣ ጨዋታው ሊጀመር ሲል 80። "አውሮፕላንም እንዲህ ነው የሚሸጠው" ይላል፤ አውሮፕላን ተሳፍሮ ግን አያውቅም።

እኔ እምቢ አላልኩም። ሦስቱንም ዋጋ ከጠዋቱ ካርቶኑ ላይ ልጻፈው አልኩት፤ ከጻፍኩት ማንም ሊሰድበኝ አይችልም፣ ቢሰድበኝም አይሰማኝም። በዚህ አልተስማማም። "ከጠዋቱ ከጻፍሽውማ ሁሉም ሰባት ሰዓት ላይ በ30 ገብቶ በአንድ ሻይ እስከ ማታ ይቀመጥብናል፤ ማን በ80 ሊገባ ነው?" አለኝ።

"ማንም" አልኩት።

"ታዲያ ምን ይጠቅመናል?"

ለጥያቄው መልስ አልሰጠሁትም፤ እሱም ሐሳቡን አልተወውም። ሚስቱ በኔ በኩል ናት፤ እናታችን ደግሞ ኳስ ቤቱ ጨርሶ ተዘግቶ እህል መጋዘን ይሁን ባይ ናት። የሚቀጥለው ትልቅ ጨዋታ ቅዳሜ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። እስከዚያ ካልተስማማን መግቢያው 40 ብር ነው፤ ለማክሰኞ ደንበኞች እንደተለመደው 20።